ልብ ሳይቆም የጨመረው፣ ልብ ቆሞ የቀነሰው፦ የአንድ አዛውንት አንጎል በመጨረሻዎቹ 900 ሰከንዶች

የ87 ዓመት አዛውንት ናቸው። ከቁመታቸው ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው በካናዳዋ ቫንኩቨር ከተማ ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ሲቲ ስካን ሲነሱ በአንጎላቸው በግራም በቀኝም፣ ከጠንካራው ልባስ ሥር፣ የተጠራቀመ ደም ታየ። ንቃታቸው እየወረደ ሲመጣ ሐኪሞቹ የራስ ቅላቸውን በግራ በኩል ከፍተው ደሙን አወጡላቸው። ለጊዜው ረጉ፤ ኋላ ግን እንደገና ደከሙ። ምክንያቱን ለማወቅ በራሳቸው ላይ ኤሌክትሮድ ተለጥፎ የአንጎል ኤሌክትሪክ መቅጃው ኢኢጂ ሳይቋረጥ ሲቀዳ፣ እጅና እግር ሳይንፈራገጥ አንጎል ውስጥ ብቻ የሚነሳ የሚጥል ቀውስ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረላቸው።

ቀጥሎ የሆነው በቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የግራው ንፍቀ አንጎል ሞገድ ሟሸሸ። ከዚያ የሁለቱም ሟሸሸ። ከዚያ የልባቸው የታችኛው ክፍል ያለ ልክ እየፈጠነ መምታት ጀመረ፣ አተነፋፈሳቸው ተዛባ፣ ልባቸው ቆመ። ልባቸው ቢቆም የማነቃቃት ሥራ እንዳይደረግ ቀድሞ የተያዘ ውሳኔ ነበር፤ ሐኪሞቹም ከቤተሰብ ጋር ተነጋግረው ሌላ ሕክምና አልጨመሩም። ኤሌክትሮዶቹ ግን እንደተለጠፉ ነበሩ፤ ማሽኑም መቅዳቱን ቀጠለ።

ለትንተና የዋለው ቅጂ 900 ሰከንድ፣ ማለትም 15 ደቂቃ ነው። ሕመምተኛው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው)፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ አጅማል ዜማር የሚገኙበት ቡድን ውጤቱን በየካቲት 2022 ፍሮንቲየርስ ኢን ኤጂንግ ኒውሮሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጣው። ዜናው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። «ሰው ሲሞት ሕይወቱ እንደ ፊልም በዓይኑ ፊት ያልፋል፤ ይኸው ተረጋገጠ» ተባለ። ልብ ከመቆሙ 30 ሰከንድ በፊትና ከቆመ 30 ሰከንድ በኋላ ጋማ የተባለው ፈጣን ሞገድ ታየ፣ ጋማ ደግሞ ከትዝታና ከትኩረት ጋር ይያያዛል፣ ስለዚህ አዛውንቱ እያስታወሱ ነበር የሚል ነው የነገሩ ሰንሰለት።

የሰንሰለቱ ቀለበቶች እኩል አይጠነክሩም። ለማየት ጽሑፉ የለካውን ከአንጎል ኬሚስትሪ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ከእኚህ ሰው አንጎል አንዲት ጠብታ ኬሚካል አልተለካም። ኢኢጂ የሚቀዳው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የነርቭ ሴሎች መልእክት ስለሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች፣ ስለ ዶፓሚን፣ ስለ ሴሮቶኒን፣ ስለ ግሉታሜት የሚባለው ሁሉ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተገጠመ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

ተንታኞቹ ቅጂውን በአራት መስኮት ከፈሉት፤ በሚጥል ቀውሶች መካከል ያለው ጊዜ፣ ግራው ከሟሸሸ በኋላ ያለው፣ ሁለቱም ከሟሸሹ በኋላ ያለው፣ ልብ ከቆመ በኋላ ያለው። ሌሎቹ ከመጀመሪያው መስኮት ጋር ተነጻጸሩ።

የጋማ ፍጹም ኃይል የጨመረው በሦስተኛው መስኮት ነው። ሁለቱም ንፍቀ አንጎሎች ሟሽሸዋል፣ ልብ ግን ገና ይመታል፣ ደም ገና ይፈስሳል። ልብ ከቆመ በኋላ ከጋማ የዘገዩት ሞገዶች ዴልታ፣ አልፋ፣ ቤታ ቀነሱ፤ ጋማም አብሮ ቀነሰ። የጨመረው ጋማ ከጠቅላላው የያዘው ድርሻ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ብናየው ይቀላል፤ ቁጥሩ ለማስረዳት የተፈጠረ ነው። ጋማ 4፣ ሌሎቹ ተደምረው 96 ይሁኑ። ትንሽ ቆይቶ ጋማ 1፣ ሌሎቹ 19 ሆኑ። ጋማ ወደ ሩብ ወርዷል፤ ድርሻው ግን ከ4 በመቶ ወደ 5 በመቶ «አድጓል»። ከአምስት ልጆች አራቱ ከቤት ሲወጡ የቀረው አንዱ የቤቱ 100 በመቶ ይሆናል፤ ቁመቱ ግን አልጨመረም።

ሌላው ግኝት ጠንከር ያለ ነው። በግራ ንፍቀ አንጎል የጋማ ሞገድ ከፍና ዝቅ የሚለው በዝግተኞቹ በአልፋና በቴታ ምት እየተመራ ነበር፤ ይህ ጥምረት በአራቱም መስኮቶች ተገኝቷል፤ ከአልፋ ጋር ያለው ደግሞ ግራው በሟሸሸበት ጊዜና ልብ ከቆመ በኋላ ይበልጥ ጠነከረ። የተቀናጀ ሥራ የሚመስል ነገር ማለት ነው። ደራሲዎቹ ራሳቸው የተጠቀሙት ቃል ቁጥብ ነው፤ የሰው አንጎል በሞት አፋፍ የተቀናጀ እንቅስቃሴ የማመንጨት አቅም ሊኖረው ይችላል አሉ። ከዚያ ወደ ፊልሙ የዘለለው ዜናው ነው።

በመሆኑም ጥያቄው ይቀየራል። እውነተኛው ጭማሪ የመጣው ልብ ሳይቆም ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት በአንጎል ውስጥ ምን ዓይነት ኬሚስትሪ ነበር? ልብ ከቆመ በኋላስ ምን ዓይነት?

ደም ሲቋረጥ፣ በሰከንድ

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ሆኖ ከሚገባው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል። ከዚህ ጉልበት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ያለው የሶዲየምና ፖታሲየም ፓምፕ ነው። ፓምፑ የሴል ነዳጅ በሆነው በእያንዳንዱ የኤቲፒ ሞለኪውል ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። በዚህም የተነሳ ከሴል ውጭ ባለው ፈሳሽ ፖታሲየም 3 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ይቆያል፤ በውስጥ ግን ከ100 ያልፋል። ሐሳብ፣ ትዝታ፣ ስሜት ሁሉ የሚሠራው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ነዳጁን የሚያከማች ጎተራ ግን አንጎል ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ጉበት ግላይኮጅን ያከማቻል፣ ጡንቻም ያከማቻል፤ አንጎል ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው።

ጤናማ ሰው ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም በአንዴ ቢቋረጥ ራሱን የሚስተው በ10 ሰከንድ ውስጥ ነው። በ1943 አሜሪካ ውስጥ በአንገት ላይ በሚነፋ ማሰሪያ በተሠራ ሙከራ የታየው ከ5 እስከ 11 ሰከንድ ነበር። ኢኢጂው ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ ይተኛል። ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ኢኢጂው ሲተኛ ሴሎቹ ገና አልሞቱም፣ ጉልበታቸውም ገና አላለቀም። ዝም ያሉት ራሳቸውን ስለቆጠቡ ነው። ኤቲፒ መቀነስ ሲጀምር የተወሰኑ የፖታሲየም በሮች ይከፈቱና ሴሉ ለመተኮስ ይከብደዋል። ኤቲፒ ሲፈራርስ ደግሞ አዴኖሲን ይጠራቀማል፤ አዴኖሲን በነርቭ ሴሎች መካከል የሚደረገውን መልእክት ያደበዝዛል። ቡና የሚያነቃቃን ካፌይኑ ይኸው አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ቦታ ስለሚይዝበት ነው፤ ማታ ማታ የሚያስተኛን ኬሚካል በሞት አፋፍም የመጀመሪያው መጋረጃ ይሆናል።

መጠባበቂያው ክሬቲን ፎስፌት በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። ኤቲፒ በጥቂት ደቂቃዎች ይከተላል። ኦክስጅን ስለሌለ የቀረው ስኳር ወደ ላክቴት ይለወጣል፣ አካባቢው አሲድ ይሆናል፤ ሲሞት የደም ስኳሩ ከፍ ያለ ሰው አንጎሉ ይበልጥ አሲድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከሞት በኋላ የአንጎል ናሙና የሚያከማቹ ተቋማት የእያንዳንዱን ናሙና አሲድነት የሚለኩበትም ምክንያት ይኸው ነው። ረጅም ጣር የያዘውና በድንገት የሞተ ሰው አንጎላቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አሲድ የሆነውን ናሙና ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሚያጠና ተመራማሪ በሽታውን አገኘሁ ብሎ ጣሩን ይለካል።

ከዚያ ፓምፑ ይቆማል። ፖታሲየም ከሴሉ ይፈስሳል፤ ቀስ እያለ ይጨምርና በአንድ ነጥብ ላይ ግድቡ ይሰበራል፤ ከ3 ሚሊሞል ተነስቶ በሰከንዶች ውስጥ 50 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሶዲየምና ካልሲየም በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይጎርፋሉ፤ ከሴል ውጭ 1.2 ሚሊሞል ገደማ የነበረው ካልሲየም ወደ 0.1 ይወርዳል። ውኃ ጨውን ተከትሎ ይገባና ሴሉ ያብጣል። ይህ ለውጥ በአንድ ቦታ ተነስቶ በደቂቃ ጥቂት ሚሊሜትር እየተጓዘ የአንጎልን ቅርፊት ያዳርሳል። የመጨረሻው ተስፋፊ ሞገድ ልንለው እንችላለን።

ግሉታሜት በብዛት የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ግሉታሜትን ከነርቭ መገጣጠሚያ የሚያጸዳው አጓጓዥ ሥራውን የሚሠራው በሶዲየምና በፖታሲየም ልዩነት እየተገፋ ነው። አንዱን ግሉታሜት ወደ ውስጥ ለማስገባት ሦስት ሶዲየም አብሮ ያስገባል፣ አንድ ፖታሲየም ያስወጣል። ልዩነቱ ሲጠፋ አጓጓዡ ወደ ኋላ ይሄድና ያጸዳውን መልሶ ይተፋዋል።

ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊንም እንዲሁ። እዚህ ላይ በብዙ ጽሑፍ የሚዘለል ነገር አለ። ዶፓሚንም ሆነ ሴሮቶኒን ሲሠሩ የመጀመሪያው እርምጃ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚያፈራርሳቸው ኢንዛይም ሞኖአሚን ኦክሲዴዝም ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን ሲጠፋ ማምረቻውም ማስወገጃውም አብረው ይዘጋሉ። በመሆኑም ከሴል ውጭ የሚለካው ጭማሪ አዲስ የተሠራ አይደለም፤ ከመጋዘን የፈሰሰና የሚያነሳው ያጣ ነው። ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ መንገድ ላይ ቢበተን ገበያ ቆመ አይባልም፤ ተቀባዩ ሴል ራሱ ወድቆ ሳለ መልእክቱ ለማን ይደርሳል? «አንጎል ሲሞት በደስታ ኬሚካል ይጥለቀለቃል» የሚለው አባባል ቁጥሩን ይዞ ትርጉሙን የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

ይህ በሰው ላይ የታየው የት ነው

ተስፋፊውን ሞገድ በሰው ላይ በግልጽ ያሳየው የበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታልና የአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ሥራ ነው። ዘጠኝ ሕመምተኞች ነበሩ፤ ሁሉም በከባድ የአንጎል ጉዳት ምክንያት ቀድሞውኑ ኤሌክትሮድ አንጎላቸው ላይ የተቀመጠላቸው፣ እንዳይነቃቁም ውሳኔ የተሰጠላቸው። የመጨረሻው የደም ፍሰት መውረድ ከጀመረ በኋላ ተስፋፊው ሞገድ ከኤሌክትሮድ ወደ ኤሌክትሮድ መጓዝ የጀመረው በመካከለኛ ግምት 3.9 ደቂቃ ላይ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ዝም ካለ ከ13 እስከ 266 ሰከንድ ቆይቶ። 13 ሰከንድና 4 ደቂቃ ከግማሽ ያህል፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ነው።

ሞገዱ መጣ ማለት ሴሉ ሞተ ማለትም አይደለም። ደም በጊዜ ከተመለሰ ፓምፑ እንደገና ይነሳል፣ ፖታሲየም ይመለሳል። የማይመለስበት ነጥብ የሚመጣው ሞገዱ ከተነሳ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ነጥቡ ከሴል ሴል ይለያያል። በ2019 የአሜሪካው የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከታረዱ አራት ሰዓት ያለፋቸውን የአሳማ አንጎሎች በልዩ ፈሳሽ ለስድስት ሰዓት ሲያዘዋውሩባቸው የተወሰኑ የሴል ሥራዎች ተመልሰዋል፤ መላውን አንጎል የሚያዳርስ ኤሌክትሪክ ግን አልተመለሰም። ሴል መኖርና አንጎል መሥራት ሁለት ነገር ናቸው።

የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዋ ጂሞ ቦርጂጊን ቡድን ደግሞ በአይጥ ነው የጀመረው። በ2013 ዘጠኝ አይጦች ልባቸው በቆመ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች የተቀናጀ የጋማ ጭማሪ አሳዩ። በ2015 በትንፋሽ እጦት በሚሞቱ አይጦች ላይ የአንጎል ቅርፊት ፈሳሽ ሲመረመር ዶፓሚንን፣ ሴሮቶኒንን፣ ኖርአድሬናሊንን ጨምሮ ብዙ መልእክተኛ ኬሚካሎች አሻቅበው ተገኙ። ከዚያ ሥራ የበለጠ የሚያስገርመው ሌላው ውጤት ነው። ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው የነርቭ መንገድ ሲዘጋ ልብ ብዙ ቆይቶ ነው የቆመው። ኦክስጅን ያጣው አንጎል በሚልከው የጭንቀት ምልክት ልብን ይጎዳዋል፣ መቆሙንም ራሱ ያፋጥነዋል ማለት ነው።

በ2023 ያው ቡድን ከመተንፈሻ መሣሪያ የተለዩ አራት ሰዎችን ቅጂ አወጣ። ሁለቱ የጋማ ጭማሪ አሳዩ፣ ሁለቱ አላሳዩም። ጭማሪው የመጣው መሣሪያው ከተነሳ በኋላ፣ ልብ ገና እየመታ ሳለ ነው። የቫንኩቨሩ አዛውንት ሦስተኛ መስኮት ከዚህ ጋር ይገጥማል። ኦክስጅን እየቀነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጨመረ፣ ደም ግን ገና እየፈሰሰ። ጋማ ብዙ ጉልበት የሚበላ ሞገድ ነው፤ የሚያመነጩት ሌሎች የነርቭ ሴሎችን የሚያግቱ ፈጣን ሴሎች ኤቲፒ ካጡ ቀድመው ይወድቃሉ። ጭማሪው ነዳጅ ባለበት ሰዓት መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ፓምፑ ከቆመ በኋላ ቢመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ዲኤምቲ የተባለው ራእይ የሚያሳይ ንጥረ ነገር ስሙ መነሳቱ አይቀርም። በ2019 የአይጥ ጥናት፣ ልብ ከቆመ በኋላ በአንጎል ቅርፊት መጠኑ ሲጨምር ታይቷል፤ ፒናል የተባለው እጢ በተወገደላቸው አይጦችም ጭምር። «እጢዋ በሞት ሰዓት ራእይ ታፈልቃለች» የሚለውን አፈ ታሪክ የሚያፈርሰው ይኸው ጥናት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አፈ ታሪኩን ለመደገፍ ነው።

ኬሚካሉ ለምን በቀላሉ አይለካም

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የአንጎልን ኬሚስትሪ በቀጥታ የሚከታተለው ዘዴ ማይክሮዳያሊሲስ ይባላል። በራስ ቅሉ ላይ በተበጀች ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ወደ አንጎል ይገባል፤ ጫፉ 10 ሚሊሜትር የሚሆን ወንፊት መሰል ሽፋን አለው። ትንሽ ፓምፕ ሰው ሠራሽ የአንጎል ፈሳሽ በደቂቃ 0.3 ማይክሮሊትር እየገፋ ያዞራል፤ ከሴል ውጭ ያለው ኬሚካል በሽፋኑ ሾልኮ ይገባል፤ የተመለሰው ፈሳሽ በጠርሙስ ይጠራቀማል፤ ነርሷ በየሰዓቱ ጠርሙሱን ትቀይራለች። ግሉኮስ፣ ላክቴት፣ ፓይሩቬት፣ ግሉታሜት፣ ግሊሴሮል ይለካሉ። ላክቴት ለፓይሩቬት ሲካፈል ውጤቱ 40ን ካለፈ ሴሉ በጉልበት ችግር ላይ ነው ማለት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። 0.3 ሲባዛ በ60፣ በሰዓት የሚገኘው 18 ማይክሮሊትር ነው። ለ30 ሰከንድ የዘለቀ የኬሚካል ማሻቀብ የዚያ ጠርሙስ 120ኛ ክፍል ብቻ ነው። ከሌላው 119 ክፍል ጋር ይቀላቀልና ይጠፋል። በዚያ ላይ ፈሳሹ በቱቦው ውስጥ ተጉዞ ጠርሙሱ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሰዓቱን ያላስተካከለ ሰው ልብ ከመቆሙ በፊት የሆነውን ከቆመ በኋላ እንደሆነ ይጽፈዋል። የአይጥ ላቦራቶሪ ፍሰቱን በደቂቃ ወደ 1 ወይም 2 ማይክሮሊትር ከፍ አድርጎ በየደቂቃው ይሰበስባል። ያኔ ደግሞ ፈሳሹ በሽፋኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር የሚገኘው ኬሚካል ይሳሳል። በአንዱ ያተረፍከውን በሌላው ትከፍላለህ።

ይህን ቅጂ የሚያደበዝዙት ነገሮች

የመጀመሪያው መነሻ መለኪያው ነው። ሁሉ የተነጻጸረው በሚጥል ቀውሶች መካከል ካለ ጊዜ ጋር ነው። የሚጥል ቀውስ የአንጎልን ጉልበት የሚያሟጥጥ፣ ፖታሲየምና ግሉታሜትን ከፍ የሚያደርግ ነው፤ በቀውሶቹ መካከል ያለው አንጎል ጤናማ ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያሳየው አንጎል አይደለም። ከታመመ መነሻ ጋር ሲነጻጸር «ጨመረ» ማለት ብዙ አይነግረንም። ከሚቺጋኖቹም ጭማሪ ያሳዩት ሁለቱ ቀድሞ የሚጥል ቀውስ ታሪክ ነበራቸው።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ለእንዲህ ያለው ሕመም በተለምዶ የሚሰጠው ፌኒቶይን የሶዲየምን በር ያግታል፤ ሌቬቲራሴታም መልእክተኛ ኬሚካል ከከረጢቱ የሚወጣበትን ሥራ ይነካል። ሁለቱም ሞገዱን ከምንጩ ይለውጡታል።

ሦስተኛው ብዙም ሲነሳ አይሰማም፤ የተከፈተው አጥንት። የራስ ቅል አጥንት ፈጣን ሞገዶችን የሚያፍን ክዳን ነው። አጥንቱ በተከፈተበት በኩል የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ፈጣኑን ሞገድ ከሌላው ጎን አጉልቶ ይቀዳል፤ ኢኢጂ የሚያነብ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ክስተት ነው። የአዛውንቱ ቅል የተከፈተው በግራ ነው። የጋማና የአልፋ ጥምረት የተዘገበውም በግራ ነው። ይህ ግኝቱን ውድቅ አያደርገውም፤ ጥምረት ከመጉላት የተለየ ነገር ነው። ግን ግራው ለምን ጎልቶ እንደታየ ሲጠየቅ፣ ከትዝታ በፊት አጥንቱ ይነሳ።

አራተኛው ጡንቻ ነው። ከ30 ኸርዝ በላይ ያለው፣ ማለትም በሰከንድ ከ30 ጊዜ በላይ የሚመታው የአንጎል ሞገድ በራስ ቅል ላይ ሲደርስ ጥቂት ማይክሮቮልት ቢሆን ነው፤ የግንባርና የመንጋጋ ጡንቻ በዚያው ክልል ብዙ እጥፍ ይጮኻል። የመብራት ኃይልም እዚያው ነው፤ በካናዳ 60 ኸርዝ፣ በኢትዮጵያ 50። ለአንጎል ሞት ማረጋገጫ ኢኢጂ የሚያነሱ ባለሙያዎች የሚከተሉት ጥብቅ ሥርዓት ከዚህ የመጣ ነው። ቢያንስ 30 ደቂቃ መቅዳት፣ ማጉያውን በሚሊሜትር 2 ማይክሮቮልት ማድረግ፣ ጥንድ ኤሌክትሮዶችን ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ማራራቅ፣ የእያንዳንዱን ኤሌክትሮድ ተቃውሞ ከ100 እስከ 10,000 ኦኸም መካከል ማቆየት፣ ኤሌክትሮዱን በእጅ ነክቶ ማሽኑ በእርግጥ እየሰማ መሆኑን መፈተሽ።

አልጋው አጠገብ

ቤተሰብ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ይሰማል ወይ? ይሠቃያል ወይ? ደም ከቆመ በኋላ ከጥቂት ሰከንዶች ያለፈ ንቃት የሚያስኬድ ነዳጅ የለም። ማጣጣሩ ግን ሊቀጥል ይችላል። ተነጣጥሎ የሚመጣው፣ የሚያንኮራፋ የሚመስለው ትንፋሽ ከግንደ አንጎል የሚነሳ ነው፤ ቅርፊቱ ዝም ካለ በኋላም ይመጣል፤ የሥቃይ ምልክት ተደርጎ መተርጎም የለበትም። ሊሞት ነው ተብሎ ሲጠበቅ ለነበረ ሕመምተኛ ይህን ቀድሞ መንገር ቤተሰብን ከብዙ ጭንቀት ያድናል። ሜዳ ላይ በድንገት ለወደቀ ሰው ግን ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ማጣጣር መተንፈስ አይደለም፤ «ይተነፍሳል» ብሎ መጠበቅ እነዚያን ውድ ደቂቃዎች ማባከን ነው። ደረቱ መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር እየጠለቀ መጫን አለበት። በደንብ የተሠራ መጫን የሚያደርሰው ከመደበኛው የደም ፍሰት ሩብ ያህሉን ቢሆን ነው፤ ይህችው ሩብ ፓምፑን ከመቆም ታዘገየዋለች።

አካል ለመለገስ በሚደረግ ዝግጅት ደግሞ የደቂቃ ጥያቄ አለ። ካናዳ ውስጥ ልብ ከቆመ በኋላ እጅ ሳይነካ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። በ2021 የታተመ፣ 631 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ሕክምና ከተቋረጠ በኋላ ቆሞ የነበረ ልብ እንደገና ለአፍታ ሲመታ ያየው እስከ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ድረስ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ ልብ በራሱ እንደማይመለስ ለማረጋገጥ የቆመ ነው። ተስፋፊው ሞገድ አንጎልን አዳርሶ ጨርሷል ወይ የሚለው ሌላ ሰዓት አለው፤ ሁለቱ ሰዓቶች በየሰው ይለያያሉ።

ያንን ሁለተኛውን ሰዓት የቫንኩቨሩ ቅጂ ሊነግረን አይችልም። ተስፋፊው ሞገድ እጅግ ዝግ ያለ የኤሌክትሪክ መንሸራተት ነው፤ ከአንጎል ላይ በቀጥታ በተቀመጠ ኤሌክትሮድና ዝግተኛውን በማያጣራ ማጉያ ካልሆነ በአስተማማኝ አይታይም። በራስ ቅል ላይ የሚነሳ ተራ ኢኢጂ ከግማሽ ኸርዝ በታች ያለውን እንደ ላብና እንደ ኬብል መወዛወዝ ቆጥሮ ይጥለዋል። ሰዎች ስለ ጋማ በሚከራከሩበት በዚያ ቅጂ፣ ፖታሲየም ከ3 ወደ 50 የዘለለባት ቅጽበት ልትኖር ብትችል እንኳ፣ ማጣሪያው ገና ከመጻፏ በፊት ቆርጧታል።